ራውተር፣ ናስ ወይስ አሮጌ ዴስክቶፕ? ለትንሽ ቢሮ የፋይል ማጋሪያ ስትገዙ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ኪሎ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሙሽራውና ሚዜው የጥሪ ካርድ ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ማታውን የዲዛይን ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ (ሊኑክስ የሆነ ሲስተም) ከ16.04 ወደ 18.04 አሳድጌው ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ይሉት ነገር። የጋራ ፎልደሩ አልከፈት አለ። «ስህተት 112፣ ሆስት ኢዝ ዳውን» ይላል፤ ማሽኑ ወድቋል ማለቱ ነው። ፎልደሩ ያለበትን ራውተር ፒንግ ሳደርገው (በኔትወርክ «አለህ ወይ?» ብዬ ስጠይቀው) ግን ይመልሳል፤ መብራቱም ብልጭ ብልጭ እያለ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ «አንተ ነህ አይደል የነካካኸው?» አሉኝ። ምን ልበል!

ፋይሉ የነበረው ራውተር ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ነው። ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ራውተሩ አሮጌውን ኤስኤምቢ 1 ብቻ ነው የሚችለው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ደግሞ ከ4.13 ጀምሮ፣ በፈረንጆች 2017 ማለት ነው፣ ካላዘዙት በቀር በኤስኤምቢ 1 አይነጋገርም። የድሮው ኡቡንቱ ከርነል 4.4 ነበር፤ አዲሱ 4.15። ስለዚህ ማንም አልወደቀም፤ ሁለቱ አልተግባቡም። ማውንት ማድረጊያው ላይ (ፎልደሩን የሚያገናኘው ትእዛዝ ላይ) የኤስኤምቢ ቨርሽኑን 1.0 ብዬ ጻፍኩና ተከፈተ። ካርዱም ታተመ።

ይህ ግን ለአንድ ቅዳሜ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም። በዚያው 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰራጨው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። ዊንዶውስ 10ም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኤስኤምቢ 1ን ማስወገድ ጀመረ።

ራውተርን በአጭሩ ልለፈው፦ ርካሽ ነው፤ ለቢሮ ግን አትግዙት። ብዙዎቹ ያለ ፓስወርድ ነው የሚያጋሩት። ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ከሚባለው የ2024 ቨርሽኑ ወዲህ ያንንም በራሱ አይቀበልም።

የምር ምርጫው በናስ (NAS፣ ኔትወርክ ላይ ፋይል ለማስቀመጥና ለማጋራት የተሠራ ሳጥን) እና በዴስክቶፕ መካከል ነው። እንደ ሲኖሎጂ ያለ ናስ ዋጋው ይከብዳል። ግን ዝቅተኛውና ከፍተኛው ኤስኤምቢ ስንት ይሁን የሚለውን ከሴቲንጉ ትመርጣላችሁ፤ ትእዛዝ መጻፍ የለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዩኤስቢ ከተገናኘው ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ሰምቶ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ፒያሳ ላይ ሱቅ ላለው ሰው ይህቺ ብቻ ዋጋዋን ታወጣለች። ያገለገለ ናስ ካጋጠማችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ አፕዴት ያቆመ አሮጌ ሞዴል ከእኔ ራውተር አይሻልም።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና ሳምባ (Samba፣ ፋይል በኤስኤምቢ የሚያጋራ ፕሮግራም) መጫን የእኔ ምርጫ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ቀልጣፋ ልጅ ካለ ብቻ! ሳምባ ከ4.11 ወዲህ ኤስኤምቢ 1ን ራሱ ዘግቶታል። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ሳምባ ከከርነል ውጭ የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ፣ የሰርቨሩ ከርነል ሲታደስ ማጋራቱ ብዙም አይነካም። የሚታመመው ፎልደሩን የሚከፍተው ሊኑክስ ነው፤ እዚያ ሥራው በከርነሉ ሞጁል (የከርነሉ አንድ ቁራጭ) ነዋ። ድንገት ከገጠማችሁ dmesg (ዲሜሴጅ) የሚለውን የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳይ ትእዛዝ ጻፉና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። ደንበኛ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግረብ (GRUB) በሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ላይ አሮጌውን ከርነል መርጣችሁ ግቡ፤ ምርመራው ለማታ ይቆይ። የዴስክቶፑ ክፋት ከናስ ይልቅ ኤሌክትሪክ መብላቱና ድምፁ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ አዲስ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ በኬብል አገናኙት። ዩዘርና ፓስወርድ አበጁ፣ ፎልደሩን ክፈቱ። ከከፈተ ኤስኤምቢ 1 ላይ አልቀረም ማለት ነው፤ ያኔ ስለ ዋጋ ተከራከሩ። ሻጩ «ኧረ ይሄማ ኦሪጅናል ነው፣ ላፕቶፕህ ነው ችግሩ» ካላችሁ ኬብላችሁን ነቅላችሁ ውጡ።