በነጭ ጋዝ የምትሠራዋ ትንሿ የካምፒንግ ምድጃ፣ ከወራት በኋላ

በአጭሩ ወድጃታለሁ፣ ግን ለሁሉም ሰው ግዙ አልልም። ነዳጅ ጠርሙሷ ለብቻው የሆነ፣ በእጅ ፓምፕ የምትነፋ፣ ነጭ ጋዝም ቤንዚንም የምታቃጥል ዓይነት ናት። እነዛ ቆርቆሮ ጋዝ ላይ የሚጠመዘዙት ይቀላሉ፣ አያያዛቸውም ቀላል ነው፣ ግን ቆርቆሮው በአውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይገባም እዚህም እንደልብ አይገኝም፣ ነጭ ጋዝ ግን ከጎንደር ይዤ እወጣለሁ አለቀ።

ብዙውን ጊዜ የተጠቀምኩባት ሰሜን ተራሮች ነው። ግጭና ጨነቅ የሚባሉት የካምፕ ቦታዎች 3,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆኑ ውሃው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ይንተከተካል ግን ፓስታው አልበስልም ይላል፣ ምስርማ ነዳጅ መጨረስ ነው። ሽሮ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን እሳቷ መሃል ላይ ብቻ ስለሆነ ካላማሰላችሁ ታሳርረዋለች፣ ቀንሺ ብትሏት አትሰማም።

ዋናው ነገር አለኳኮሷ ነው። ትንሽ ነዳጅ አፍስሳችሁ ትለኩሳላችሁ፣ ቱቦዋ እስኪግል ቢጫ እሳት እየተንቦገቦገ ይነዳል፣ ሊጠፋ ሲል ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱ ሹ ብላ ሰማያዊ ትሆናለች። ከቸኮላችሁ ነዳጁ ሳይተን ፈሳሹ ይወጣና እሳቱ ፊት ድረስ ይመጣል፣ በቤንዚን ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ለዛ ነው እኔ በነጭ ጋዝ ብቻ የምጠቀመው። በበጋ ሳሩ ክው ብሎ ይደርቃል፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ምን ያህል እንደነደደ የሚያስታውስ ያስታውሳል፣ ስለዚህ ሳር ላይ አትለኩሷት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይ ባዶ መሬት ፈልጉ።

ማታ ብርዱ ሲጠና ሁሌ አንድ ሰው "ድንኳን ውስጥ እናስገባት፣ እኛም እንሞቃለን" ይላል። በጭራሽ። ድንኳኑ መቃጠሉ አንድ ነገር ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሽታም የለው፣ ቤት ውስጥ ከሰል አድርገው ተኝተው የቀሩትን ሰዎች የገደለው ያው ነው። ነዳጅም ካለቀ ምድጃዋ ሙሉ በሙሉ ሳትቀዘቅዝ ጠርሙሱን አትክፈቱ፣ ስትሞሉም እስከ አፉ አትሙሉት፣ ለአየር ቦታ ተዉለት።

ጀበና አይቆምባትም! ሦስቱ እግሮቿ ለድስት ነው የተሠሩት፣ የሸክላ ጀበና ትንሽ ከተነካ ፍል ቡናው እግር ላይ ነው፣ ስለዚህ ማንቆርቆሪያ ያዙ። በቅሎ ላይ ስትጭኑም ጠርሙሱን ከእንጀራው አርቁት፣ ነጭ ጋዝ የሸተተ እንጀራ ረሃብም አያስበላውም።

ችግሯ ጥላሸቷና ጥገናዋ ነው። ነዳጁ የሚወጣባት ቀዳዳዋ እየተደፈነች በመርፌዋ ማጽዳት የተለመደ ነው፣ የፓምፑ ቆዳም ደርቆ አልነፋ ብሎ ነበር፣ ዘይት ሲቀባ ተመለሰ። ስታዝዙ መለዋወጫ ጎማዎቹን አብራችሁ እዘዙ፣ ልኩን እዚህ ሱቅ ፈልጌ አጥቻለሁ።