ያረጁ ውሾችን «እናድሳለን» ከሚሉ ሻጮች ተጠንቀቁ

ዕድሜው የገፋ ውሻ ያላችሁ፣ በተለይም ሐኪም «ከእንግዲህ ብዙ አይቆይም» ብሎ የነገራችሁ ቤተሰቦች፣ ለማንኛውም ዓይነት «የማደሻ ሕክምና» ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። «የዕድሜ ማራዘሚያ ኮርስ»፣ «የመገጣጠሚያ ተሐድሶ» እና በመሳሰሉት ስሞች የሚቀርበው ይህ አገልግሎት በጥቅል የሚሸጥ ሲሆን፣ ክፍያው በሙሉ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የሚወጋው መድኃኒት ምን እንደሆነ አይነገርም፤ ውጤት ባይገኝም ገንዘቡ አይመለስም። ሻጩ የሚተማመነው በመድኃኒቱ ሳይሆን በእኛ ሐዘን ነው። ለዓመታት አብሮት የኖረውን ውሻ ለመሰናበት ልቡ እሺ ያላለው ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ማስረጃ አይጠይቅም፣ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል፤ ይህን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በእኛ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ውሻችን ዳማ ትልቅ ዝርያ ነበረች፤ ትልልቅ ውሾች ደግሞ ከትንንሾቹ ቀድመው ያረጃሉ። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ሲቆዩ፣ በጣም ግዙፍ የሆኑት ከ7 እስከ 10 ባለው ዕድሜ ይደክማሉ። ዳማም ለመነሣት ስትፈልግ የፊት እግሮቿን ተክላ ወገቧን መጎተት፣ ከተነሣችም በኋላ የኋላ እግሮቿ እስኪጸኑላት ድረስ እየተንቀጠቀጠች መቆም ጀምራ ነበር። የሚከታተላት ሐኪም የዳሌ መገጣጠሚያዋ እንዳለቀ በራጅ አሳይቶን፣ ሕመሟን ማስታገስ እንደሚቻል፣ ወደ ቀድሞው ጤንነቷ መመለስ ግን እንደማይቻል በግልጽ ነግሮን፣ የሕመም ማስታገሻ እንክብል አዘዘላት። «እያደሱ ውሾችን ወደ ወጣትነት ይመልሳሉ» የተባሉ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ለሙከራ በነጻ ወጓት። ምን መድኃኒት እየወሰደች እንደሆነ አልጠየቁም፤ ከዚህ ቀደም የተደረገላትን ምርመራም ለማየት አልፈለጉም።

በማግሥቱ ዳማ ያለ ማንም እርዳታ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ምግቧን ጠርጋ በልታ ሳህኑን ላሰች። እናቴ አለቀሰች፤ የኮርሱ ሙሉ ክፍያም በዚያው ዕለት ተከፈለ። ሰዎቹም የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። ኮርሱ እየቀጠለ ሲሄድ ግን ዳማ ውኃ አይበቃት ጀመር፤ በተኛችበት ሽንቷ ያመልጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ ታለከልክ ነበር። የጭንቅላቷና የጀርባዋ ሥጋ እየጎደጎደ ሆዷ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በመጨረሻም ዓይነ ምድሯ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ታየ። ወደ ሐኪሟ ስንወስዳት የጠየቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ወጋችኋት?» የሚል ሲሆን፣ ሰዎቹ ትተውት የሄዱትን ብልቃጥ አንሥተን ስናየው የተለጠፈበት ጽሑፍ ተፍቆ ተነሥቷል። የታየውን ምልክት በሙሉ ከደም ምርመራው ጋር አገናዝቦ፣ ሲሰጣት የቆየው ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ መሆኑን ነገረን።

ስቴሮይድ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን የመሳሰሉት በትክክለኛ መጠን፣ ለትክክለኛ በሽታና በክትትል ሲሰጡ የብዙ እንስሳትን ሕይወት ያተርፋሉ። ብግነትን በፍጥነት ስለሚቀንሱና የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምሩ፣ የደከመ ውሻ በአንድ ቀን ውስጥ የዳነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያለቀ የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት በዚህ አይተካም፣ ዕድሜም አይመለስም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻን ያመነምናል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፣ ጥማትንና ሽንትን ያበዛል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሐኪም ካዘዘው ስቴሮይድ አልባ የሕመም ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ከካርፕሮፌን ወይም ከሜሎክሲካም ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ የሆድ ዕቃን ግድግዳ አቁስለው ያደማሉ። የዳማ ዓይነ ምድር የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነበር። እንዲህ መሆኑ ታውቆም መርፌውን በድንገት ማቋረጥ አይቻልም፤ ሰውነት ከውጭ የሚገባለትን ስቴሮይድ ሲለምድ የራሱን ማምረት ስለሚተው፣ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የጠረጠራችሁ እንደሆነ ለብቻችሁ አታቁሙ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የጠፋው ገንዘብ ያሳዝናል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። ሐኪሙ «ቀኑ ቀርቧል፣ ተዘጋጁ» ባለን ጊዜ ሕመሟ በአግባቡ ታግሦ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ደረጃ በደረጃ ልንሰናበታት እንችል ነበር። ሻጩ የወሰደብን ያንን ጊዜ ነው። ዳማ የመጨረሻ ሳምንታቷን ያሳለፈችው እኛ «እየዳነች ነው» እያልን፣ እርሷ ግን በውስጧ እየደማች ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ሰው ለውሻችሁ መርፌ ሊወጋ ሲመጣ የመድኃኒቱን ስም፣ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «የድርጅታችን ምስጢር ነው» ወይም «ተፈጥሯዊ ቅመም ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ በሩን ክፈቱለትና ይሂድ፤ ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት በካርድ ላይ ይመዘግባል እንጂ አይደብቅም። ዕድሜ እናራዝማለን የሚሉትንም በተመለከተ፣ ጉዳዩ በእርግጥ በሳይንስ እየተጠና ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ለትልልቅ ውሾች ዕድሜ ማራዘሚያ ተብሎ የታሰበ አንድ መድኃኒት «ውጤታማ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ ግምገማ ሰጥቷል፤ ይህ ግን በረጅሙ የፈቃድ ሂደት ውስጥ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሙሉ ፈቃድም አይደለም። ስለዚህ የዚህን ዓይነት ዜና የያዘ ወረቀት እያሳየ መርፌ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ በእጁ የያዘው ያ መድኃኒት አይደለም። ቦቢ የተባለው የፖርቱጋል ውሻም 31 ዓመት ኖሯል ተብሎ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰፈረ በኋላ፣ ዕድሜውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ በ2024 ክብሩ ተነሥቷል። የእርሱን ምግብና አኗኗር እየጠቀሰ የሚመጣ ሻጭ ካለም ይህንኑ አስታውሱት።

ከዚህ በተቃራኒ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ የሰው ሕመም ማስታገሻ የሚሰጡ አሉ፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ፓራሲታሞልም ከመጠን ሲያልፍ ጉበቱን ያጠፋል። ሐኪም ሳያዝ አትስጡ።

ሻጩ «ገና ነው» ሲል ሐኪሙ ደግሞ «ደርሷል» ሲል ግራ የሚጋባ ሰው፣ ያለ ምንም ክፍያ ራሱ ሊጠቀምበት የሚችል መመዘኛ አለ። አሊስ ቪያሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያዘጋጁት ይህ መመዘኛ ሰባት ነገሮችን ያያል፤ ሕመም፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ደህና ቀኖቹ ከክፉ ቀኖቹ መብለጣቸውን ነው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ውሻው ኑሮው ተቀባይነት አለው ተብሎ ይገመታል። በሕመም ነጥብ ውስጥ የአተነፋፈስ ችግርም ይቆጠራል። እኔ ከዚህ መመዘኛ የምወድለት «እየበላ ነው እኮ» የሚለውን ማጽናኛ ብቻውን እንዳይቆም ማድረጉን ነው። ውሻ እየታመመ ሊበላ ይችላል፤ ስቴሮይድ የተወጋ ውሻ ደግሞ ሳይወድ በግድ ይበላል። ሕመሙን የሚነግራችሁ ሌላው ነው፤ ሌሊት ቦታ እየቀያየረ አለመተኛቱ፣ አንድን ስፍራ ደጋግሞ መላሱ፣ ስትነኩት ፊቱን ማዞሩ፣ በሩ ሲንኳኳ ጆሮውን እንኳ አለማንሣቱ። በየቀኑ ማታ በደብተር ብትጽፉት፣ ሻጭ ሊያደበዝዘው የማይችል ማስረጃ በእጃችሁ ይኖራል።

ሌላው ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጨረሻው መርፌ ነው። «በርካሽ ቤታችሁ ድረስ መጥተን በሰላም እናሳርፈዋለን» የሚሉ፣ ነገር ግን ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች አሉ። በአግባቡ ሲሠራ ውሻው አስቀድሞ በማደንዘዣ ይረጋጋል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ፔንቶባርቢታል የተባለው መድኃኒት ከፍ ባለ መጠን በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ውሻው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹና ልቡ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ምንም አይሰማውም። አንዳንድ ሰዎች ግን በርካሽ የሚገኘውን ፖታሲየም ክሎራይድ ወይም ጡንቻን ብቻ ሽባ የሚያደርግ መድኃኒት ነቅቶ ባለ ውሻ ላይ ይወጋሉ። የመጀመሪያው ልብን በሥቃይ ያቆማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሻው እያወቀ፣ መንቀሳቀስም መጮህም ሳይችል ታፍኖ እንዲሞት ያደርጋል። ጸጥ ብሎ ስለሚተኛ ቤተሰቡ «በሰላም ሄደ» ብሎ ያምናል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሁለቱንም ነቅቶ ባለ እንስሳ ላይ መጠቀምን ተቀባይነት የለውም ይላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ታደነዝዙታላችሁ ወይ? በምን? ቀጥሎስ የምትሰጡት ምንድን ነው?» ብላችሁ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት፣ ልባችሁ ረጋ ባለበት ሰዓት ጠይቁ።

ይህን ማወቁ ከሌላም ማታለል ይጠብቃል። ውሻ ሲሞት ዓይኑ ብዙውን ጊዜ አይከደንም፤ ልቡ ከቆመ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ በኃይል የተነፈሰ ሊመስል፣ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል። ይህ ሁሉ የሰውነት ምላሽ እንጂ የሥቃይ ምልክት አይደለም። ያንን እያሳየ «ገና አልሞተም፣ ተጨማሪ መርፌ ያስፈልገዋል» ብሎ ሌላ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ ልቡን በማዳመጫ አዳምጦ እንዲያረጋግጥ ንገሩት። ሬሳውን በተመለከተም፣ ሐኪሙ ፔንቶባርቢታል በሥጋው ውስጥ እንደሚቀርና ያንን ሥጋ የሚበላ ጅብ፣ ጥንብ አንሣ ወይም ሌላ ውሻ ሊሞት እንደሚችል ሊነግራችሁ ይገባል። በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ሜዳ ላይ አይጣል። «እኛ እናስወግደዋለን» ብሎ የሚወስድላችሁ ሰው የት እንደሚወስደው በጽሑፍ ያስቀምጥ።

አመዱን መልሰው የሚሰጡ አገልግሎቶችን የምትጠቀሙም ከሆነ፣ ለብቻ መቃጠልና ከሌሎች ጋር በጅምላ መቃጠል የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዳንዶችም በአንድ ማቃጠያ ውስጥ ከፋፍለው ብዙ እንስሳትን አስቀምጠው «ለብቻ» እንደሚሉት እወቁ። በውላችሁ ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ መለያ ቁጥርም ጠይቁ።

በመጨረሻ የሚመጣው ውድ አቅርቦት «ውሻችሁን በክሎኒንግ እንመልስላችኋለን» የሚለው ነው፤ ክሎኒንግ ማለት ከአንድ እንስሳ ሕዋስ ተነሥቶ የዘር ውርሱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ እንስሳ እንዲወለድ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ የተወለደው የመጀመሪያ ውሻ እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ኮሪያ የተገኘው ስናፒ ሲሆን፣ እርሱን ለማግኘት 1,095 ጽንሶች በ123 ሴት ውሾች ማኅፀን ውስጥ ተቀምጠው የተወለዱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ብዙም ሳይቆይ በሳንባ ምች ሞተ። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ጽንሱን ለመሸከም ሌሎች ሴት ውሾች ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ያስገድዳል፤ የሚወለደውም ቡችላ የዘር ውርሱ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ውሻ ነው። ስማችሁን አያውቅም፤ አብራችሁ ያሳለፋችሁት አንድም ቀን በእርሱ ውስጥ የለም። «ይመለሳል» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ሻጭ ይህን እያወቀ ነው የሚናገረው።

ገንዘብ ከፍላችሁ መርፌው የተጀመረባችሁ ካላችሁ፣ ብልቃጡን፣ ሲሪንጁንና ማሸጊያውን አትጣሉ። ጽሑፍ ባይኖርበትም በውስጡ የቀረው ፈሳሽ ሊመረመር ይችላል። ደረሰኙን፣ የተላላካችሁትን መልእክትና የውሻችሁን የደም ምርመራ ውጤት በአንድ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሞችን ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ለሸማቾች ጥበቃ በጽሑፍ አመልክቱ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሰዎቹ አቤቱታ መቅረቡን በሰሙ ጊዜ ከክፍያው ግማሹን ለመመለስ ተስማምተው፣ በምላሹ ዝም እንድንል የሚል ወረቀት አቀረቡልን፤ አልፈረምንም። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀርብላችሁ እናንተም አትፈርሙ፤ ብልቃጡንም መልሱልን ቢሏችሁ አትስጧቸው።