ሴንሰር ያለው ወይስ የሌለው ብረሽለስ (ብሩሽ አልባ) ሞተር?

ለኮረኮንች በተሠራ ሪሞት መኪና ላይ ልዩነቱ የሚታየው ሲነሳ ነው። ሴንሰር የሌለው ሞተር ቆሞ ሳለ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰርኪት) የማግኔቱን አቀማመጥ አያውቅም። የሚያውቀው ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲል ይንገራገጫል። ጎማው ነቅነቅ ይልና ይቆማል። አንዴ ከፈጠነ ግን እንከን አይወጣለትም። ዋጋው ቀለል ይላል፤ ጭቃ የሚገባበት የሴንሰር ሶኬትም የለውም።

ሴንሰር ያለው ከዜሮ ጀምሮ ልስልስ ብሎ ይነሳል። ውስጡ ያሉት 3 ሆል ሴንሰሮች (ማግኔት የሚለዩ) አቀማመጡን በየቅጽበቱ ይናገራሉ። ድንጋይ ለመውጣት እኔ ያለ እሱ አልሞክርም። ሜዳ ላይ ለመጋለብ ከሆነ ግን ብራችሁን ጥሩ ባትሪ ላይ አውሉት።

ኬቪውንም (ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር) እዩ፦ 3000 ኬቪ ሞተር በ7.4 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ ያለ ጭነት፣ በደቂቃ ወደ 22,000 ዙር ይዞራል። ለድንጋይ ይሄ በጣም ይበዛል።