ቴክሳስ ሆልደም ወይስ ኦማሃ? ለጀማሪ የሚሆን ንጽጽር

በለገጣፎ ግቢያችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽንብራ እያስያዝን የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ካርታ ጨዋታ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላውን የፖከር ዓይነት፣ ኦማሃን፣ ጀምረናል። በሁለቱም ጠረጴዛው ላይ 5 የጋራ ካርታዎች ይገለጣሉ፤ በሆልደም ተጫዋቹ 2፣ በኦማሃ ደግሞ 4 ካርታ በእጁ ይይዛል። ጀማሪውን የሚያሳስተው ግን ቁጥሩ ሳይሆን፣ ኦማሃ ከእጅ በትክክል 2፣ ከጠረጴዛው በትክክል 3 ካርታ እንዲወሰድ ማስገደዱ ነው። አንድ ጎረቤቴ ከልብ ካርታዎች አሱን ብቻ ይዞ ሳለ ጠረጴዛው ላይ አራት ልቦች ስለተገለጡ፣ ፍላሽ (አምስት የአንድ ምልክት ካርታዎች) የሠራ መስሎት አንድ ስኒ ሙሉ ሽንብራ ገፋ፤ በሆልደም ልክ ነበር፣ በኦማሃ ግን ሁለተኛ ልብ ስላልነበረው ተበላ።

አራቱ ካርታዎች 6 ዓይነት የሁለት ካርታ ጥምረት ስለሚሰጡ የተቃዋሚም ዕድል ይሰፋል፤ በሆልደም የሚያኮራ ሁለት ጥንድ በኦማሃ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ጥንድ አስ ጥንድ ንጉሥን በሆልደም ከ100 ጊዜ 80 ያህሉን ሲያሸንፍ፣ በኦማሃ ይህ ብልጫ በእጅጉ ይጠባል። ስለዚህ በኦማሃ እንደ 8፣ 9፣ 10 እና ጃክ ያሉ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ካርታዎችን መጠበቅ፣ ሌላውን ያለ ቅሬታ መጣል ይሻላል። ያለ ካርታ ማስፈራራት ለሚወድ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ሆልደም ይስማማዋል።