የሶላር ውኃ ማሞቂያችን በደሴ፦ ከጣሪያ ላይ የሚፈሰው ውኃ ከየት ይመጣል?

ባለ 200 ሊትሩን የሶላር ውኃ ማሞቂያ ደሴ በሚገኘው ቤታችን ጣሪያ ላይ ያስተከልነው ባለፈው መስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ፣ የበልጉን ዝናብ፣ አሁን ደግሞ የሐምሌን ጉም አሳልፏል። በማሞቅ አቅሙ ቅሬታ የለኝም። በበጋ ወራት አመሻሹ ላይ የሚወርደው ውኃ ቀዝቃዛ ካልተቀላቀለበት እጅ አያስነካም፤ በማግሥቱ ጠዋትም ልጆችን ለማጠብ ይበቃል። የጦሳን ተራራ ጉም በሚሸፍንበት በአሁኑ ወቅት ግን ለብ ከማለት አያልፍምና በውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማብራት ግድ ነው። ይህን ሻጩ አስቀድሞ ነግሮናል።

በሰፊው ልጽፍበት የፈለግሁት ማጠራቀሚያው ሞልቶ የመፍሰሱን ነገር ነው። ተመሳሳይ ማሞቂያ ያስገቡ በርካታ ጎረቤቶች በዚሁ ችግር ደጋግመው ዕቃ ሲቀይሩ አይቻለሁና።

የዚህ ዓይነቱ ማሞቂያ ፓምፕ የለውም። በመስታወት ቱቦዎቹ ውስጥ የሞቀው ውኃ ስለሚቀል በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። ማጠራቀሚያው ግፊት እንዲሸከም ስላልተሠራ በመተንፈሻ ቱቦ ለአየር ክፍት ነው፤ ውኃ የሚያገኘውም ከጎኑ ከተያያዘችና ጋለጃንት (ውኃው ሲሞላ ተንሳፍፎ መግቢያውን የሚዘጋ ቫልቭ) ካላት ትንሽ ታንከር ነው። ውኃ የሚፈሰው ከመተንፈሻው ወይም ከዚህች ትንሽ ታንከር ሲሆን፣ ምክንያቱን ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈስበትን ሰዓትና የሚፈሰውን ውኃ ሙቀት ማየት ያስፈልጋል።

ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከቀትር ጀምሮ ጥቂት ሙቅ ውኃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ብልሽት አይደለም። 200 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ከ5 ሊትር የሚበልጥ ጭማሪ መጠን ስለሚኖረው፣ ትንሿ ታንከር እስከ አፏ ከተሞላች ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። የጋለጃንቱን ክንድ ዝቅ አድርጎ ለሚሰፋው ውኃ ቦታ መተው ይበቃል። ሌሊት፣ በፈረቃ የሚመጣው ውኃ ግፊቱ ሲያይል ቀዝቃዛ ውኃ ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋለጃንቱ ነው። የእኛ ሲፈታ ጎማው መሐል ላይ ክብ ጎድጎድ ሠርቶ፣ በጎድጎዱ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አሸዋ ተቀብራ ነበር።

ጋለጃንቱ በአዲስ ተተካ፤ ፍሰቱም ቀነሰ፤ ሆኖም ውኃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች ግድግዳው ላይ መውረዱን አልተወም። የቧንቧ ሠራተኛው ተመልሶ መጣና ወደ ትንሿ ታንከር የሚገባውን መስመር ሙሉ በሙሉ ዘጋው። መስመሩ ተዘግቶም ውኃው መፍሰሱን ቀጠለ። «እትዬ፣ ጋለጃንቱማ ምንም አልሆነ፤ ውኃው ከታች፣ ከቤት ውስጥ ነው የሚወጣው» አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብተን የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ስንነካው በረዶ ሆኗል።

ምክንያቱ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃን የሚቀላቅለው የሻወር መክፈቻ፣ ሚክስቸሩ ነበር። ማሞቂያውን የተከለው ባለሙያ የሚክስቸሩን ቀዝቃዛ ወገን በቀጥታ ከከተማው መስመር፣ ሙቁን ደግሞ ከማሞቂያው አገናኝቶት ነበር። ማሞቂያው ከሚክስቸሩ በላይ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ያህል ስለሆነ የሚሰጠው ግፊት ከአንድ ባር ሢሶ አይበልጥም፤ የከተማው መስመር ሌሊት ላይ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በጫፏ የምትዘጋው የእጅ ሻወር ተዘግታ ሚክስቸሩ ክፍት ሲቀር፣ ቀዝቃዛው ውኃ መውጫ ስለሚያጣ በሙቁ መስመር ሽቅብ ተጉዞ ማጠራቀሚያውን ያትረፈርፈዋል። ጉዳቱ ድርብ ነው፤ በፈረቃ የሚገኝ ውኃ ይባክናል፣ ቀን የሞቀውም አብሮ ይቀዘቅዛል። በሙቁ መስመር ላይ ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ፤ ይህችን ርካሽ ዕቃ መተው የሙያ ቸልተኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤታቸውን በማዕከላዊ ማሞቂያ በሚያሞቁ አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። በእንግሊዝ የቆዩ ቤቶች ጣሪያ ሥር የማሞቂያውን ውኃ የምትመግብ ትንሽ ታንከር ትኖራለች፤ በሙቅ ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ጥምዝ ቱቦ ሲበሳ፣ ማጠራቀሚያውን ከሚመግበውና ከፍ ብሎ ከተቀመጠው ሌላ ታንከር የሚመጣው ውኃ በቀዳዳው አልፎ ትንሿን ያትረፈርፋል። እዚያም ጋለጃንት መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

እኛ ቫልቩን አስገብተን የመታጠቢያ ቤቱን ቀዝቃዛ መስመር ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ እንዲመጣ አደረግን፤ ሁለቱ ግፊቶች ስለተቀራረቡ ውኃውን ማመጣጠንም ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ደርቋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ የምታሠሩ ሰዎች አንድ ነገር እንድትጠነቀቁ አደራ እላለሁ፦ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ፀሐይ ከመታው በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ከተለቀቀበት የጋሉት መስታወቶች ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ፣ ውኃ መሙላት ያለበት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቱቦዎቹ ሲቀዘቅዙ ነው።