ለጅማ ፈረንጅ አራዳዋ ሲስተር ምስጋና፣ የልብ መሣሪያ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ስሟን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቀችኝ አልጽፍም። "ምስጋናህን ለክሊኒኩ አድርገው" ብላኛለች። እኔ ግን የማመሰግነው እሷን ነው፤ ክሊኒኩማ ካርድ ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል አቁሞናል።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ጀርመን አገር እህቴን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች። ሲመረምሯት የልቧ ላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርገበገባል፣ ታችኛው ደግሞ በደቂቃ ከአርባ በታች እየወረደ ነበር። ወጪው እንዴት እንደተሸፈነ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ልለፈው። ብቻ ገመድ አልባ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ተደርጎላት፣ በሦስተኛው ወር ወደ ጅማ ተመለሰች።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ፔስሜከር ከትከሻ ዝቅ ብሎ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ነው። ከእሱ የሚነሳ ገመድ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልብ ድረስ ይዘልቃል። ገመዱ ከዓመታት በኋላ ሊሰበር ይችላል፤ መሣሪያው የተቀበረበት ኪስም ሊያመረቅዝ ይችላል። የእናቴ ግን ገመድም ኪስም የለውም። ርዝመቱ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ክብደቱ ሁለት ግራም አካባቢ የሆነ እንክብል ነው፤ ባትሪውም ኮምፒውተሩም እዚያው ውስጥ ናቸው። በብሽሽት ደም ሥር በቱቦ ገብቶ፣ በቀኝ በኩል ባለው ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ በአራት ጥቃቅን መንጠቆዎች ተይዞ ይቀመጣል። ማይክራ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ልብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ኦስትሪያ ውስጥ ነው፤ አሜሪካ በ2016 ፈቀደችው።

ይህን ሁሉ ዛሬ እንደ ዳዊት እደግማለሁ እንጂ ያን ቀን አላውቅም ነበር።

ያን ቀን የዐቢይ ጾም አጋማሽ ነበር። እማዬ ቡና ልትቆላ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ቆይታ ስትነሳ ዓይኗ ጨለመባት፤ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። ባጃጅ ጠርቼ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድኳት። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ ፔስሜከር እንዳላት ስነግረው ግራ ትከሻዋን ዳበሰ፣ ቀኙንም ዳበሰ። ምንም የለም።

"እማማ፣ ጠባሳው የታለ?"

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች።

"ገመድ አልባ ነው" አልኩት በእሷ ፈንታ።

"ከስልክ ጋር የሚገናኝ ማለት ነው?"

ምን ብዬ ልመልስለት? እኔም ከዚያ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም። ጀርመን የተደረገላት ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ምናልባት እኛ ተሳስተን እንደሆነ ነገረንና ስኳር በውኃ በጥብጣ እንድትጠጣ አዝዞ ሸኘን። አልፈርድበትም። ያላየውን ነገር ከየት ያመጣዋል? የሚያበሳጨኝ አለማወቁ ሳይሆን የማያውቀውን ነገር "የለም" ማለቱ ነው።

የባጃጁ ሾፌር ሁሉንም ሰምቶ ነበርና "ፈረንጅ አራዳ አንዲት ሲስተር አለች፣ የእኔን አባት ያዳነች እሷ ናት" አለ። የጅማ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ አንድ ያዳነው ሐኪም አለው ብዬ እቀልድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ።

ሲስተሯ እኩያዬ ትሆናለች። ከእኛ በፊት የነበሩትን ሽማግሌ በኦሮምኛ አነጋግራ፣ ሳቅ አሰኝታ ሸኘቻቸውና ወደ እኛ ዞረች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እኔን ማስወጣት ነው። "አንተ ውጭ ጠብቅ" አለችኝ፤ ፊቷ ቀልድ አያውቅም። መጋረጃው ሲሳብ ሰማሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስትጠራኝ እማዬ እፎይ ያለች መስላ ተቀምጣለች።

ለካስ ጠባሳው ያለው ብሽሽቷ ላይ ነው! ያውም የጥፍር ጫፍ የምታክል ነጥብ። ልጇን የሚያህል ወንድ ፊት፣ ለዚያውም እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ "እዚህ ጋ ነው" ማለቱ ነውር ሆኖባት ነው አንደበቷ የተያዘው። እኔ ልጇ አልጠረጠርኩም። ሲስተሯ ግን መጋረጃውን ስባ "እናቴ፣ በብሽሽትዎ በኩል ነው ወይስ በአንገትዎ የገቡት?" ብላ ነበር የጠየቀቻት። "ጠባሳው የታለ?" ከሚለው ጋር ያለውን ልዩነት አስቡት።

ቀጥላ የእማዬን እጅ ያዘች። ሦስት ጣቶቿን ከአውራ ጣቷ ሥር አሳርፋ፣ ሌላ እጇ ላይ ያሰረችውን ባለ ሰከንድ ቆጣሪ አሮጌ ሰዓት እያየች መቁጠር ጀመረች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እስከ ዛሬ ያየኋቸው ሁሉ ሩብ ደቂቃ ቆጥረው በአራት ያባዛሉ፣ ወይም ጣት ላይ የሚሰካውን መሣሪያ ሰክተው ወደ ሌላ ሥራ ይዞራሉ። እሷ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ስታበቃ እንደገና ቆጠረች።

"ስልሳ። ሁለቴም ስልሳ።"

"ጥሩ ነው?"

"ላይኛው የልብ ክፍል የሚርገበገብ ሰው ምቱ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። የእናትህ ግን እንደ ሰዓት እኩል እኩል ነው የሚሄደው። ይህንን የሚመታው መሣሪያው ነው። አለ፣ እየሠራም ነው።"

ደረት ዳብሶ ያልተገኘውን ነገር በእጅ አንጓ አገኘችው። በልብ ምርመራ ማሽኑ ወረቀት ላይም ከእያንዳንዱ ምት ቀድማ የምትታይ፣ ልብ ካላሉ የምታመልጥ ቀጭን መስመር አሳየችኝ። የደረት ራጅ ሲነሳማ እንክብሉ ልቧ ጥላ ውስጥ ጋደም ብሎ ተገኘ። እማዬ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

ታዲያ ማዞሩ ከየት መጣ? ሲስተሯ የደም ግፊቷን አንድ ጊዜ አስተኝታ፣ አንድ ጊዜ አስቁማ ለካች። ተኝታ 135 የነበረው ላይኛው ቁጥር ስትቆም 100 ሞላ አልሞላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ጾም፣ ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ የግፊት መድኃኒት! ሐኪሙ መድኃኒቷን አስተካከለላት። ጾሙን በተመለከተ ሲስተሯ "የንስሐ አባትዎን አማክሩ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም" ብላ በዘዴ አለፈችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃም ምስጋና ይገባት ነበር። እማዬ ግን የጥያቄ ከረጢቷን ፈታች። ለካስ ከተመለሰች ጀምሮ የማንነግራት እኛ፣ የሚነግሯት ጎረቤቶች ሆነው ከርመዋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር አቁማለች። የብረት በር የሚበይደው ጎረቤታችን ደጅ ስትደርስ መንገድ ትቀይራለች። ከሁሉ የባሰው ግን ይኸኛው ነው፦

"ልጄ፣ ገመድ አልባ ነው ይላሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ልቤ ይቆማል?"

ኔትወርክ ሲጠፋ በሌሊት እየተነሳች እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ የምትኖረው ለዚህ ኖሯል። ሲስተሯ አልሳቀችም። ገመድ አልባ የተባለው ከባትሪው ወደ ልብ የሚሄደው ገመድ ስለቀረ ብቻ እንደሆነ፣ ባትሪው እዚያው ልቧ ውስጥ ስለሆነ ከመብራትም ከኔትወርክም ጋር ምንም እንደማያገናኘው አስረዳቻት። ምጣዱ ችግር የለውም፤ ሞባይል ከደረት 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል፤ ብየዳውን ደግሞ ራሷ ልትበይድ ካላሰበች በመንገድ ማለፍ ምንም አያደርጋትም። እማዬ ሳቀች። በሳምንቱ ምጣዱ ተለኮሰ።

በነገራችን ላይ የእማዬ ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ሞኝ አይደለም። ከውጭ ኃይል የሚቀበል የልብ መሣሪያ በእርግጥ አለ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ኤሌክትሮድ በግራ የልብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ አስተላላፊ የሚላክለትን የድምፅ ሞገድ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ፈቅዳዋለች። ላይኛውንም ታችኛውንም የልብ ክፍል ማነቃቃት ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ፣ ልብ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ በየምቱ የሚነጋገሩ ሁለት ገመድ አልባ መሣሪያዎች ከ2023 ጀምሮ አሉ። የእማዬ ላይኛው ክፍል ስለሚርገበገብ ለታችኛው ብቻ አንድ በቂ ሆኗል።

ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል ለሚለው "እንደ አጠቃቀሙ ነው፣ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ይገመታል" አለቻት። እማዬ በጣቷ ቆጥራ 83 ላይ ስትደርስ ፊቷ ጠቆረ። ያኔ ነው ሲስተሯ የስዊድናዊውን ታሪክ ያወራችላት። አርነ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመለት ሰው ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ሰውየው ግን በዕድሜው 26 መሣሪያ ቀያይሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ ነው ያረፈው።

"ሃያ ስድስት ጊዜ!" አለች እማዬ።

"እርስዎ ባትሪው ሲያልቅ አሮጌው እዚያው ይቀመጥና አዲስ ከጎኑ ሊገባ ይችላል።"

"ሁለት ልሸከም?"

"ሁለቱ ተደምረው አምስት ግራም አይሞሉም፣ እናቴ።"

አሁን ወደ ጥቆማው። መሣሪያው ያለበት ሰው ካላችሁ የሚሰጠውን ካርድ አትጣሉ። የእማዬ ካርድ ዳዊቷ ውስጥ ነበር የተገኘው፣ ለዚያውም በጀርመንኛ። ሲስተሯ በስልኳ አስተርጉማ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ "ልብ ውስጥ ገመድ አልባ የልብ ምት ማስተካከያ አለ፣ ደረት ላይ አይዳሰስም" ብላ ጽፋ ከካርዱ ጋር አሰረችልን። ሌላው፣ መሣሪያውን ከፍቶ የሚያነበው የዚያው አምራች ኮምፒውተር ብቻ ነው። እኛ ለክትትል ዝም ብለን 350 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ልንነሳ ስንል አስቆመችን፤ የምንሄድበት ቦታ ያንን ኮምፒውተር ይኑረው አይኑረው የአምራቹንና የሞዴሉን ስም እየጠራች በስልክ ያጣራችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ቦታ አልነበረውም። ሁለተኛው ነበረው፤ ቀጠሮ አስያዘችን።

ጉድለቷን ካልተናገርኩ ጥቆማዬ አይታመንም፦ ትቆጣለች። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ያለ ፓኮው በማምጣቴ ሰው ፊት ገሥጻኛለች። ወረፋዋም ረጅም ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ደቂቃ የምትቆጥር ሴት ወረፋዋ እንዴት ይጠር? ገንዘብ ላስጨብጣት ስሞክር ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የእማዬን ድፎ ዳቦ ግን ተቀብላ፣ እዚያው ቆርሳ ለካርድ ክፍል ሠራተኞች አካፈለች።

አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ካርዳችሁንና መድኃኒታችሁን ከነፓኮው ይዛችሁ ሂዱ። ፈረቃዋ ጠዋት ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፤ ስሟን ካላወቃችሁ "ባለ ሰዓቷ ሲስተር" ካላችሁ ዘበኛውም ያሳያችኋል።