ፎሮዳኒ ከእማዬ ጋር፦ የዛንዚባር የማታ ገበያ

የሆቴላችን ዘበኛ «ፎሮዳኒ ምግቡ የሚጀምረው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ሲለን፣ አጠገባችን የቆሙት ፈረንጅ ባልና ሚስት ግራ ገባቸው። እኩለ ሌሊት ነው? እኔና እማዬ ተያይተን ሳቅን። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ሲነጋ አንድ ሰዓት ይላሉ፣ ምሳ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አስራ ሁለት። እማዬ «እነዚህስ ሰዎች ናቸው» አለች። ከቦሌ ከተነሳን ጀምሮ ስታመሰግን የሰማኋት ያኔ ገና ነው።

እማዬን ላስተዋውቃችሁ፤ ይሄ አስተያየት ግማሹ የእሷ ነው። ከሀገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ኪሎ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ነበር። «ደሴት ላይ ደግሞ ምን ይበላል?» አለችኝ። ሆን ብዬ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው ቲኬት የቆረጥኩት፤ ግን ረቡዕና አርብ የትም አይቀሩም። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው ሐላል ነው። እማዬ ደግሞ ክርስቲያን ባርኮ ያላረደውን አትቀምስም። የባሕሩም ቢሆን ክንፍና ቅርፊት ከሌለው አትነካም። ሎብስተር የለም፣ ኦክቶፐስ የለም፣ ሽሪምፕ የለም። ፎሮዳኒ ደግሞ የታወቀው በእነሱ ነው!

ቦታው ያምራል። ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ያለ መናፈሻ ነው። ከጀርባው አሮጌው ምሽግ አለ፤ ከምሽጉ ጎን ደግሞ በፈረንጆች 2020 መጨረሻ ላይ ከፊሉ የተደረመሰው ትልቁ የሱልጣኖች ሕንፃ። ቀን ላይ ተራ መናፈሻ ነው። አመሻሽ ላይ ጠረጴዛው ይዘረጋል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ባሕሩ ውስጥ ይዘላሉ። እማዬ ልጆቹን እያየች «እናት የላቸውም እንዴ?» ስትል አመሸች።

የመጀመሪያው ቀን ተሸወድኩ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ አንድ ጥብስ ሻጭ በእንግሊዝኛ እያሳሳቀ ሰሃኔን ሞላው። ኦክቶፐስ፣ አንድ ትልቅ ሽሪምፕ፣ ቱና ነው ያለኝ ሁለት እንጨት ዓሣ። ዋጋ ሳልጠይቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ የሆቴላችንን እራት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ኦክቶፐሱ እንደ ጎማ ነው፣ ዓሣው ደግሞ ቀድሞ ተጠብሶ ከሰል ላይ የሞቀ ነገር ነው። ያልበላችው እማዬ በዓይኗ ብቻ «እህ» አለችኝ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ጥብሱን እለፉት። ካማራችሁም ገና ጥሬውን እያያችሁ አስጠብሱ፣ ዋጋውንም ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ዝርዝር ገንዘብም ያዙ።

የሚበላው ኡሮጆ ነው። ሁለተኛው ቀን አርብ ነበር፤ ጥግ ላይ የሀገሬው ሰው የተሰለፈበት ድስት አየንና ተሰለፍን። ሻጩ ጎድጎድ ባለ ሳህን መጀመሪያ የተቀቀለ ድንች ይቆርጣል። በላዩ ባጂያ የሚሏትን የተጠበሰች የጥራጥሬ ኳስ ይጥላል። ከዚያ እርድ የገባበትን ቢጫ፣ ሞቅ ያለ፣ ጎምዛዛ መረቅ ያፈስበታል። መረቁ በዱቄት ነው የሚወፍረው፤ ጉምዘዛው ከማንጎና ከሎሚ ነው። መጨረሻ ላይ ቀጭን የካሳቫ ጥብስ ይበተንበታል፣ የኮኮናት ማባያና ቃሪያ ይጨመርበታል። ሥጋና እንቁላል ይገባበታል፣ ግን «ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል» ካላችሁ ችግር የለም። ሻጩ «ካሪቡ ማማ»፣ እንኳን ደህና መጡ እማማ እንደማለት፣ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣት። እማዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ዝም አለች። ሁለተኛውን ቀመሰች። «ይሄ እኮ አጥሚት ነው፤ ሎሚ ያበዛ አጥሚት» አለች። ሳህኑን ጨርሳ ቃሪያ አስጨመረች። ሻጩ ትንሽ ጠብ ሲያደርግላት እጇን አላነሳችም፣ ልጁ እየሳቀ ደገማት፣ ሠለሳት። የሁለታችን ሒሳብ ከትናንቱ አንድ እንጨት ጥብስ አነሰ።

የዛንዚባር ፒዛ የሚባለው ስሙ ነው እንጂ ፒዛ አይደለም። ስስ ሊጥ ዘርግተው የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ አይብና ማዮኔዝ ይከቱበታል፣ ያጥፉትና በቅቤ ብረት ምጣድ ላይ ይጠብሱታል። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ለሁለት ይበቃል። የሸንኮራ ጭማቂውን ግን በየማታው ጠጣን። ሻጩ ሸንኮራውን ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር አጥፎ በእጅ በሚዞር ማሽን እያስገባ ይጨምቀዋል። ሸንኮራ እየጋጥኩ ነው ያደግኩት፣ እንደዚህ ይጠጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለምሳ ምኩናዚኒ ሰፈር ያለውን ሉክማን ምግብ ቤትን ልጠቁማችሁ። ምግቡ ተደርድሮ ይታያል፣ እየጠቆማችሁ ታዛላችሁ፤ ለእማዬ ዓይነት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በኮኮናት የተሠራ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ መሳይ ቀይ ቦሎቄ፣ ምቺቻ የሚሉት ጎመን ያዘዝንላት ረቡዕ ቀን ነው። አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ያለኝን ቃል በቃል ተርጉሜ «በኮኮናት ወተት ነው የተሠራው» ስላት ሳህኑን ገፋችው። «ወተት በረቡዕ?» ከፍሬው የሚጨመቅ መሆኑን ለማስረዳት የስልክ ፎቶ ማሳየት ነበረብኝ። በማግስቱ ቅርፊቱን አይታ ያጸደቀችውን ቻንጉ የሚሉትን ዓሣ በላች፤ አጥንቱን ብቻ ነው የተወችው።

ቡናው ላይ አልተስማማንም። ጆውስ ኮርነር የምትባል የመንገድ መገናኛ አለች፤ ወንዶች ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ቡና በትንሽ ሲኒ ይቀዳል። ስኳር የለውም፣ በምትኩ ካሻታ የሚሉትን የለውዝ ጣፋጭ ትነክሳላችሁ። እኔ ቀጠነብኝ። እማዬ ግን ሁለተኛ አስቀዳች፣ ሦስተኛም አስቀዳች፤ «በረካው ሳይጠጣ አይነሳም» ብላ። ቡናውን አመስግናው እንዳይመስላችሁ። «ቆይቶ የተፈላ ነው» አለችኝ፣ ሲኒውን ለሰውዬው እየመለሰች።

እና ድርቆሹ። አራተኛው ቀን ሌሊት ላይ ሻንጣዋን በቀስታ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሆቴሉ ማሞቂያ ውሃ አፍልቼ፣ በርበሬ በጥብጬ፣ ጨለማ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ፍርፍር ስበላ እማዬ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ጨው አላደረግሽበትም» አለችኝ።